እሜቴ ቀስ ባለች ቁጥር

እህቴ ልቧን የሰረቀውን ሰው መጀመሪያ ያየችው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው።

የቀረው አካሉ አንዲት አሮጌ መኪና ሥር ነበር። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተዘርግተው የሚታዩት ሁለት እግሮች ብቻ ናቸው። የግራው ካልሲ ሰማያዊ፣ የቀኙ ቡናማ። እግሮቹ አጠገብ ስንደርስ እሜቴ እንደ ልማዷ አንዴ አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጸጥ አለች።

እሜቴ ስኩተራችን ናት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእናቴ ትቶላት የሄደው እሷንና ሁለታችንን ነው። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስትሮጥ ደረቷን ነፍታ፣ መንገዱ የአባቷ ርስት ይመስል ማንንም አታይም። ቀስ በይ ሲሏት ግን ኩራቷ አይችለውም፤ እዚያው ራሷን ትስታለች። ዝቅ ማለት የማታውቅ ወይዘሮ ከእሜቴ ሌላ ምን ትባላለች?

እናታችን ኬክ ትጋግራለች። ትልቋ እህቴ ለየደንበኛው ታደርሳለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የኬኩን ሳጥን ጭኔ ላይ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ እይዛለሁ። ክሬም የተቀባ ኬክ በገመድ አይታሰርም፤ ሰው ነው የሚይዘው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

እሜቴ ይህን አመል ካመጣች ወዲህ እህቴ ቀስ ማለት ትታለች። እግረኛ ሲያቋርጥ «ዘወር በሉ፣ አልቆምም!» ብላ ትጮኻለች። አደባባይ ላይ መንገድ ካልተለቀቀላት ቆማ አትጠብቅም፤ ትዞራለች። አንድ ቀን ስንዞር ስንዞር ትራፊኩ ዓይኑ ተንከራተተ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ በፊቱ ስናልፍ።

ዞረን እስክንመለስ መልስ የለም።

«መውጫ ነው ጋሼ!» አለች እህቴ።

«ታዲያ ለምን አትወጡም?»

ሌላ ዙር።

«መኪናው አላሳልፍ አለና!»

«ቆማችሁ ጠብቁ!»

ሌላ ዙር። አሁን የመለስኩለት እኔ ነኝ። «ከቆምን አንነሳም!»

ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። ከዚያ መኪናውን ሁሉ አስቁሞ አሳለፈን። እስካሁን ድረስ ከሩቅ ሲያየን መንገድ ያስለቅቃል።

እግሮቹን ባየን ቀን ግን ደግነቱ እሜቴ ራሷን የሳተችው ጋራዥ በር ላይ ነው።

«ወንድም» አለች እህቴ ለእግሮቹ።

እግሮቹ ዝም አሉ።

«ወንድም፣ ስኩተሬ ቀስ ስላት ሞተሯ ይጠፋል። ስሮጥ ደህና ናት። ለመታጠፍ፣ ለመቆም፣ ለምንም ነገር ነዳጁን ቀነስ ሳደርግ ድርግም ትላለች። ሰው ፊት ታዋርደኛለች። ኬክ ነው የምናመላልሰው፣ ኬክ ደግሞ መንገጫገጭ አይወድም።»

ሰማያዊው ካልሲ ትንሽ ተነቃነቀ።

«ተኝተሃል እንዴ? ለሥራ ነው ለእንቅልፍ የገባኸው?»

«እየሰማሁሽ ነው» አለ ከመኪናው ሥር አንድ የተረጋጋ ድምፅ።

«ታዲያ መልስ የለም?»

«አልጨረስሽም ብዬ ነው።»

ተንሸራቶ ወጣ። ፊቱ ግማሹ በዘይት ጠቁሯል። ዓይኖቹ ግን እንደ ድምፁ የማይቸኩሉ፣ አንድ ነገር ላይ ካረፉ ቶሎ የማይነሱ ነበሩ። ያን ጊዜ ያረፉት እህቴ ላይ ነው። እህቴ ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትናገር መልሳ ገጠመችው። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ጎኗን በጣቴ ወጋ አደረግኳት።

«ጨርሺለት እንጂ፣ እየጠበቀ ነው» አልኳት።

ጋራዡ ውስጥ ሚኒሞ ነው የሚሉት። ሚኒሞ ማለት ሞተር ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ በቀስታ ዱክ ዱክ የሚልበት ትንፋሹ ነው። ልጁም እንደዚያው ነው። አይጮኽም፣ አይቸኩልም። ከአፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት በካቻቢቴ መፍታት ይጠይቃል።

ጋራዡ የአክስቱ ነው። አክስቱን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ቡሎን ይላቸዋል፤ ቃላቸው አንዴ ከጠበቀ አይላላም። ግድግዳቸው ላይ በቀይ ቀለም «ለሙከራ አንድ ሰው ብቻ» ብለው አስጽፈዋል። ምክንያት አላቸው። ድሮ አንድ ሠራተኛቸው የደንበኛን እህት ከኋላ አሳፍሮ «ልሞክረው» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀሩ። ሞተር ሳይክሉን ብቻ በሰው ላኩት።

ሚኒሞም በሕጉ መሠረት ብቻውን ወጣ። እሜቴ ሥሩ እንደ በግ ገራም ሆነች። ሄደ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ፣ ታጠፈ፣ ተመለሰ። ፊታችን ቆሞ ሞተሯን አሰማን። ዱክ ዱክ ዱክ።

«ምንም የላትም» አለ።

«ምን ማለት ነው ምንም የላትም? አሁን በርህ ላይ አልሞተችም?»

አሰበ። እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈቶ ጠረገ፣ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አደረገ። «አሁን ሞክሪያት።»

ሁለታችን ተፈናጥጠን ወጣን። እሱ በማያየን መታጠፊያ ላይ እህቴ ነዳጁን ቀነሰች። እሜቴ አስነጠሰች። ጸጥ።

«ነገ እንመለሳለን» አለች እህቴ። ስትለው ግን ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ፈለግሁ፣ አጣሁ።

በማግስቱ ነጩን ጫማዋን አደረገች። ለበዓል እንኳ የምትሳሳለትን ጫማ።

«ጋራዥ ነው የምንሄደው» አልኳት። «መሬቱ ዘይት ነው።»

«ሌላው እግሬን ቆረጠኝ።»

«ትናንት አልቆረጠሽም።»

«ዛሬ ቆረጠኝ አልኩሽ! ምላስሽን ሰብስቢና ውጪ።»

የዚያን ቀን ሚኒሞ ነዳጅና አየር የሚቀላቀልበትን ካርቡሬተር ፈታ። አንዷን ትንሽ ቀዳዳ በነፋስ ሲያጸዳ እህቴ ከጎኑ ጎንበስ ብላ ቆማ ታያለች። አንዴ «ይቺ ምንድን ናት?» አለችው። ነገራት። ሌላዋን ጠየቀችው፣ ነገራት። ከዚያ መጠየቋን ትታ እጁን ማየት ጀመረች። እሱ ደግሞ ቀዳዳዋን ትቶ ጫማዋን አየ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም ወደ እሜቴ ዞሩ። እሜቴ ምን ትበል? ተፈታታ ተቀምጣለች።

ገጥሟት ብቻውን ወጣ። አልጠፋችም። ሁለታችን ወጣን። ጠፋች።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም ነበር፤ ሲተያዩ ማየት ከቴሌቪዥን ይሻላል። ግን የጡረታው ኬክ መጣ።

አንድ ሽማግሌ ከሥራ ሊሰናበቱ ነው። እማዬ ከላዩ በቀይ ክሬም «እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ጽፋ፣ ዙሪያውን አበባ ሠርታበት አስረከበችን። ጠባቡ ድልድይ ጋ ስንደርስ ውሻ ዘሎ ገባ። እህቴ ፍሬን ያዘች፣ እሜቴ ጸጥ አለች፣ እኔና ኬኩ ግን መንገዳችንን ቀጠልን። የእህቴ ጀርባ ነው ያቆመን። ሳጥኑ ተጨፍልቆ ክዳኑ ሲከፈት ጽሑፉ በሙሉ ደረቴ ላይ ታተመ። ተገልብጦ። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው አነበቡኝ፤ ተቸግረው ቢሆንም አነበቡኝ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። የእጅ መጥረጊያ ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ተቀመጠች። እማዬ ስትጮህ አያሳስበንም፤ ስትቀመጥ ነው የሚያስፈራው።

«ቅዳሜ የሰርግ ኬክ አለ» አለች። «እሱ እንደዚህ ከሆነ የሚቀጥለውን የሚያዘኝ ሰው የለም። ስለዚህ ስሙኝ። ቅዳሜ ኬኩ በሰላም ካልደረሰ ስኩተሯ ትሸጣለች። መኪና ያለው ሰው እፈልጋለሁ። አንቺም» አለች ወደ እህቴ ዞራ፣ «አክስትሽ ከተማ ሄደሽ ጨርቅ ቤቷ ትሠሪያለሽ። ቦታ አለ ካለችኝ ቆይታለች።»

የአክስታችን ከተማ ሩቅ ነው። ማልዶ የተነሳ ሰው ሲመሽ የሚደርስበት።

«እማዬ፣ እሜቴን?» አለች እህቴ።

«እሜቴን።»

«እኔንም?»

እማዬ ጨርቋን አንስታ ወደ ምድጃው ዞረች። እህቴ ወደ ውጭ ወጥታ እሜቴ ላይ ተቀመጠች። ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። የአባዬ እጅ ያለሰለሰውን መሪ በአውራ ጣቷ ስትዳብስ በመስኮት አየኋት። ያን ቀን አልቀለድኩባትም።

በማግስቱ ጋራዥ ስንደርስ ገና ሳትወርድ ነው የጀመረችው። «በቃ፣ ዛሬ ካልሠራሃት ጉዴ ፈላ።»

ሚኒሞ ብቻውን ወጣ። ብዙ ቆየ። የሰፈሩን መንገድ ሁሉ ዞሮ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በየመታጠፊያው ቀስ ብሎ መጣ። ስንት ጊዜ ቀስ ብሎ ይሆን? እሜቴ አንዴም አላስነጠሰችም።

ወረደ። መሬቱን አየ። «ይቅርታ» አለ። «ምንም የላትም።»

እህቴ ከመናገሯ በፊት የእትዬ ቡሎን ድምፅ ከውስጥ መጣ። እሳቸው ቀስ ብለው የሚያወሩ መስሏቸው ይሆናል፤ ጋራዡ በሙሉ ግን ሰማ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ለማየት እኮ ስኩተር ማሳመም አያስፈልግም። ዝም ብሎ መጥቶ ማየት ይቻላል።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሚኒሞ አልሳቀም፤ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ዓይኖቹም ተስፋ ያደረጉ ይመስሉ ነበር። ክፋቱ እህቴ ይህን አላየችም። እሷ ያየችው ሳቁን ብቻ ነው።

«እኔ? እሱን?» አለች እሳት ጎርሳ። «ሁለት ካልሲ መለየት የማይችል ሰው ለማየት ነው ከሥራዬ የምቀረው? አንተም ዝም ብለህ ቆመህ ትሰማለህ አይደል? ውሸታም ናት ብለህ ነዋ!»

«እኔ እንደሱ...» አለ ሚኒሞ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ሞተበት።

«ተነሺ፣ እንሂድ!» አለችኝ። ሞተሩን አስነስታ ነዳጁን ሳትቀንስ በሩን ወጣች። መታጠፊያው ጋ እሜቴ ጠፋችብን። እየገፋን ቤት ገባን። መንገዱን ሁሉ «ሁለተኛ እግሬ አይረግጣትም» ስትል ነጩ ጫማዋ ጫፉ ላይ ዘይት ነክቶት ነበር። ጎንበስ ብላ በምራቅ ስታሻሸው ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለጫማው ነው አለችኝ። እሺ፣ ለጫማው ይሁን።

ሐሙስ ዕለት ጥርሴ ጉንጬን አሳበጠውና ተኛሁ። ለአንዲት ደንበኛ የሚደርስ ደረቅ ኬክ ነበር፤ ክሬም ስለሌለው እህቴ መሪው ላይ አንጠልጥላ ብቻዋን ወጣች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እሜቴም ከጎኗ ቆማለች። ዱክ ዱክ ዱክ።

«እማዬ» አለች በቀስታ፣ ሌባ እንዳየ ሰው። «ዛሬ አልጠፋችም።»

«እንዴት አልጠፋችም?»

«ቆምኩ፣ ታጠፍኩ፣ ውሻ ሁሉ አሳለፍኩ። አልጠፋችም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተለየ?»

የሁለቱም አንገት ቀስ እያለ ወደ አልጋው ዞረ። እኔ ደግሞ ጉንጬን ይዤ ተኝቻለሁ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ። «እኔ ምን አደረግኩ?»

ምንም አላደረግኩም። ተቀመጥኩ እንጂ። እሜቴ ሁለት ሰው ስትሸከም ነው ራሷን የምትስተው! ሚኒሞ ደግሞ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚሞክራት፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏላ።

«ሄደሽ ንገሪው!» አልኳት እህቴን።

«እኔ? ከሞትኩም አልሄድም።»

«ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።»

«አክስቴ ጋ እሄዳለሁ እንጂ እዚያ በር አልቆምም።»

እልኋን አውቃለሁ፤ ከአባዬ ነው የወረሰችው። ስለዚህ ጉንጬን በሻርፕ አሥሬ እኔው በእግሬ ሄድኩ።

ሚኒሞ አንድ ሞተር ፊት ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ። ሲያጣ ፊቱ ጨለመ።

«ብቻዋን ስትሆን አትጠፋም» አልኩት ሰላምታ ሳልሰጥ። «እኔ ከኋላ ስቀመጥ ትጠፋለች።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ድገሚው።»

ደገምኩት። ብዙ አሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ ከራስ እስከ እግሬ አየኝና «ስንት ኪሎ ነሽ?» አለኝ።

«አንተ ባለጌ!»

«ለሥራ እኮ ነው።»

«ለሥራም ቢሆን አልነግርህም!»

እትዬ ቡሎን ከውስጥ ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። «ያቺ ልጅ እውነቷን ነበር ማለት ነው?» አሉ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አይ የኔ አፍ! አይ የኔ አፍ!»

«አክስቴ፣ ሁለት ሆኖ ካልተወጣ አይታወቅም» አለ ሚኒሞ።

እትዬ ቡሎን ግድግዳውን አዩ፣ እሱን አዩ። ቡሎን ናቸው፤ አይላሉም። «በኔ ጋራዥ ለሙከራ ሁለት ሰው አይወጣም።»

ሚኒሞ የሥራ ቱታውን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። የመሣሪያ ሳጥኑን አነሳ። «ከጋራዡ ውጭስ?»

«ከጋራዡ ውጭ ያለው ሕግ የእግዜር ነው» አሉ እትዬ ቡሎን። «ለልጅቷም አፌ ቀደመኝ፣ ይቅር በይኝ ብላለች በላት።»

ቤት ስንደርስ እህቴ በመስኮት አይታን ነበር መሰል፣ ጓዳ ገብታ ተደበቀች። እማዬ እጇ ዱቄት እንደሆነ በር ላይ ጠበቀችን።

«ጤነኛ ናት ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ተሳስቻለሁ።»

እማዬ ይህን አልጠበቀችም። ወንድ ልጅ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። ድምፅዋ ለዘብ አለ።

«አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?»

«አንድ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ መውጣት አለብኝ። ቀስ እያልኩ፣ እስክትጠፋ።»

«ትንሿን ይዘህ ውጣ።»

«እኔ ጥርሴን ያመኛል!» አልኩ ጉንጬን ጨብጬ። «ንፋስ ከመታኝ አለቀልኝ። ሐኪሙ ከልክሎኛል።» ሐኪም የሚባል ሰው ደጅ አልደረስኩም።

እማዬ ነገሩ ገባት። ወደ ጓዳው አየች። ጓዳው ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ አለና እህቴ ብቅ አለች። ሚኒሞን አላየችውም፤ ጣራውን ነው የምታየው። እግሯ ላይ ግን ነጩ ጫማ ነበር።

«እሺ፣ ውጡ» አለች እማዬ። ከዚያ ጆሮዬን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። «አንቺ ደግሞ ንፋስ ካልቻልሽ በእግርሽ ተከተያቸው!»

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ግን አላመለጡኝም። እሜቴ ቀስ ባለች ቁጥር ስለምትጠፋ በየጥቂቱ እደርስባቸዋለሁ። ልክ ስደርስ ሞተሩ ይነሳና ጥለውኝ ይሄዳሉ። ጨዋታቸውን የሰማሁት እንግዲህ እንደ አደባባዩ ትራፊክ በቁርጥራጩ ነው።

የመጀመሪያው አናጢው ሱቅ ፊት ነው። እህቴ ከሱ ራቅ ብላ፣ በሁለት እጇ መቀመጫውን ጨምድዳ ይዛለች።

«...ውሸታም ነሽ አላልኩም» ይላል ሚኒሞ።

«ብለሃል!»

«ምንም የላትም ነው ያልኩት።»

«ያው ነው!»

ሞተሩ ተነሳ። ሄዱ። ሮጥኩ።

ሁለተኛው የልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ነው። አሁን አንድ እጇ የሸሚዙን ጫፍ በሁለት ጣት ይዟል፣ ልክ የቆሸሸ ነገር እንደምትይዝ።

«እትዬ ያሉትን አልረሳሁም» ትላለች።

ሚኒሞ ወደ ኋላ አልዞረም። መሪውን እያየ ነው የተናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ስሙ። «አክስቴ ያለችው ነገር... ውሸት መሆኑን ሳውቅ ነው እኔ የከፋኝ። እውነት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

ቆምኩ። መተንፈስም ተውኩ። እህቴ ምን ትመልስ ይሆን? አፏን ከፈተች። እሱ ግን በድንጋጤ ሞተሩን አስነሳና መልሷን ይዘውት ሄዱ!

በሕይወቴ እንደዚያ አልተናደድኩም። ጥርሴን ረሳሁት፣ ሻርፑም ወደቀ፤ እየጮህኩ ተከተልኳቸው። «ቁሙ! ምን አለች? ቁሙ!»

ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። እሜቴ ጠፍታለች። ማንም ሊያስነሳት አልሞከረም። ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሚኒሞ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። የእህቴ ሁለት እጆች ወገቡ ላይ ናቸው።

«ምን አለችህ?» አልኩት እያለከለክሁ።

«ነይ፣ ከእህትሽ ጋር ተቀመጪ» አለኝ። «እኔ ልስማ።»

ወረደ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ሁለታችንን አስቀምጦ፣ እንዳትጠፋ እህቴን ነዳጅ አሰጥቶ፣ ተንበረከከና ጆሮውን ወደ እሜቴ ጎን አስጠጋ።

«ተነሱ» አለ። ተነሳን። «ተቀመጡ።» ተቀመጥን። «ተነሱ። ተቀመጡ።» የትምህርት ቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ አብረውን መነሳትና መቀመጥ ጀመሩ።

«ሰማሁት» አለ። «ስትቀመጡ ሽሽ ትላለች።»

ከመቀመጫው ሥር፣ ከሞተሩ ወደ ነዳጁ መክፈቻ የሚሄድ፣ አየር የሚሳብበት አንድ ቀጭን ጥቁር ቱቦ አሳየን። ሲያጥፈው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። ሁለት ሰው ሲቀመጥ የእሜቴ ጀርባ ይወርዳል፣ ቱቦው ይወጠራል፣ ስንጥቋ አፏን ትከፍታለች፤ ሞተሩም ያልተፈለገ አየር ይስባል። ስትሮጥ ብዙ ስለምትተነፍስ ግድ የላትም። ስትዘገይ ግን ትንፋሿ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ባዶ አየር ሲገባባት ትታፈናለች። አንድ ሰው ሲቀመጥ ስንጥቋ እንደተዘጋች ትቀራለች።

«እኔ ነኝ ማለት ነው ጥፋተኛዋ?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ ሰካው። «አሁን ቱቦው አጥሯል» አለ። «ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይሆንም። ረዘም ያለ ቱቦ ነገ ይዤ እመጣለሁ።»

«ጠዋት ና» አለች እህቴ።

«ጠዋት ሥራ...»

«ጠዋት።»

መጣም። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ፎቅ ያለው ነጭ ኬክ ተዘጋጀ። ሻርፔን አሥሬ ቦታዬን ልይዝ ስል ሚኒሞን ከኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር ተፍቆ ነጽቷል። ካልሲው፣ ባታምኑም፣ ሁለቱም ሰማያዊ ነው።

«ይሄ የኔ ቦታ ነው!» አልኩ።

«ጥርስሽን ንፋስ ይመታሻል» አለች እህቴ ከፊት። «ሐኪም ከልክሎሻል።»

እማዬ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ደግማ አስተካከለች። «ልጄ፣ አደራ» አለችው። የትኛዋን አደራ እንዳለችው አልጠየቅኳትም። እህቴ ነዳጁን ሰጠች። ሄዱ።

እማዬ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሳህን ብቻ ስታጥብ ቆየች። ያንኑ አንዱን ሳህን። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን። የሙሽራዋ እናት ነበሩ። እማዬ አዳመጠች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ዘጋች። ሌላ ቁጥር መታች።

«እህቴ፣ ልጅቷ አትመጣም» አለች ለአክስታችን። «የለም፣ ደህና ናት። ሌላ ሠራተኛ ፈልጊ።»

ትንሽ ቆይቶ የእሜቴ ድምፅ መጣ። ከሩቅ ስትሮጥ፣ ቀጥሎ ስትቀንስ። ትንፋሻችንን ያዝን። እየቀነሰች፣ እየቀነሰች በሩ ላይ ቆመች። ዱክ ዱክ ዱክ። አልጠፋችም።

ጠበቅን። የገባ ሰው የለም። ዱክ ዱክ ዱክ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እማዬ።

በመስኮት አየሁ። ባዶው ሳጥን መሬት ላይ ነው። ሁለቱም እሜቴ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። እህቴ ወደ ኋላ ዞራ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፤ እሱ ይሰማል። እንደሱ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ምንም አልሆኑም፤ ሞተሯ እየሠራ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ! ለምን አያጠፏትም? ያኔ አልነሳ ትላለች፣ አሁን ደግሞ አልጠፋ አለች? ሂጂ፣ ነዳጅ ይጨረሳል በያቸው።»

ወጣሁ። የበሩ ጥግ ላይ ቆምኩና እህቴን በእጄ ጠቅሼ ጠራኋት። ወርዳ ጠጋ ስትል ከጎኗ በሹክሹክታ ጠየቅኳት፤ ስንት ቀን ያንገበገበኝን ጥያቄ። «ልብስ ሰፊው ጋ፣ እውነት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር ሲልሽ፣ ምን አልሽው?»

እህቴ እግሯን አየች። ነጩ ጫማ ጫፉ ላይ አሁንም ጥቁር ነጥብ አለበት።

«ነጭ ጫማ አድርጎ ጋራዥ የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔም ቤት ገባሁ።

«ምን አሉ?» አለች እማዬ።

«አልነገርኳቸውም።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እማዬ ግን በመስኮቱ ትንሽ አየት አደረገች። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ ከመደርደሪያው ጫፍ ትልቁን የኬክ መጋገሪያ፣ ባለ ሦስት ፎቁን፣ አወረደችና አቧራውን ማራገፍ ጀመረች።

«ለማን ነው እሱ?» አልኳት።

«አንቺ ዝም ብለሽ እንቁላል ምቺ።»